እማሆይን ያወረደው ገመድ

ሌላ ሰው መኪና ሲኖረው «እንዴት ነው፣ ትነሳለች?» ተብሎ ይጠየቃል። እኔን ግን ቦንጋ ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የኔዋ መኪና በመነሳት አትታማም፤ ብርድ ይሁን ጭጋግ፣ ቁልፏን ነካ ሲያደርጓት ትነሳለች። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እንዴት እንደማቆማት ነው። ጥያቄውን እንደ ነገር ፍለጋ አላየውም፤ እኔም ከቤቴ በላይ ያለው ዋንዛ ዛፍ ጋ በደረስኩ ቁጥር ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ስሟ እማሆይ ነው። ስሙን ያወጡላት አብረውኝ የሚያስተምሩ መምህራን ናቸው። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ እሷ ውስጥ ገብቶ ሳይጸልይ የወረደ ሰው ስለሌለ ነው ይላሉ። ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም፣ ለወትሮው በምንም ነገር የማያምነው የሒሳብ መምህራችንም እማሆይ ውስጥ እኩል ናቸው። የሒሳቡ መምህር እንዲያውም ቁልቁለቱ ሲጀምር ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ቁጥር እየቆጠርኩ ነው ይላል፤ ይበል።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ሜዳ አገር ነው። እዚያ ነዳጅ መስጠት የተወ ሰው ቆየት ብሎ ይቆማል። ፊዚክስ አስተምር ዘንድ የተመደብኩባት ቦንጋ ግን ሜዳ ሲታደል ያልነበረች ከተማ ናት። ወይ ትወጣለህ፣ ወይ ትወርዳለህ፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር ብታይ መንገድ ሳይሆን የአንድ ሰው ግቢ ነው። እማሆይን የገዛሁት ከዚህ ተዛውሮ ከሄደ መምህር ነው። ቁልፉን ሲሰጠኝ ትከሻዬን ይዞ «በርታ» አለኝ። ያን ጊዜ ስለ አዲሱ ሥራዬ መስሎኝ ነበር።

ስለ ሰበቃ፣ ስለ ፍትጊያ ማለት ነው፣ በማስተምርበት ቀን ተማሪዎቼ ሰሌዳውን ትተው በመስኮት ወደ እማሆይ ያያሉ። ምሳሌ ስጠይቃቸውም ሰበቃ ያለበትን ነገር ሳይሆን የሌለበትን ይጠቁሙኛል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ምን አደርጋቸዋለሁ።

እስቲ ያኔ እንዴት አቆም እንደነበር ላስረዳችሁ። ቤቴ ከዋናው መንገድ ወደ ታች የምትወርድ የቀይ አፈር መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። መንገዷ አናት ላይ ትልቅ ዋንዛ አለ። ወገቧ ላይ የእትዬ ዘሀራ ሱቅ አለ። ግርጌዋ ላይ የኔ ደጃፍ፤ ከደጃፌ ቀጥሎ ገደል፤ ከገደሉ ቀጥሎ ወንዝ። ስለዚህ ማቆም የምጀምረው ገና ዋንዛው ጋ ሳልደርስ ነው። መጀመሪያ በሐሳቤ አቆማለሁ። ከዚያ ማርሹን ወደ አንደኛ እመልሳለሁ። ከዚያ ፍሬኑን ደጋግሜ እረግጣለሁ፤ አንዴ ሲረግጧት ሰላምታ ይመስላታል፣ ደጋግሞ ሲሆን ነው ነገሩ የሚገባት። ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑን እስብና የግራ ጎማዎቹን የመንገዱ ዳር ሣር ላይ አወጣቸዋለሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ክላክሱን አለቅም። ክላክሱ ለመንገደኛ እንዳይመስላችሁ፣ ለእትዬ ዘሀራ ነው።

እትዬ ዘሀራ ከባለቤታቸው ጋር ለንግድ ከጅማ መጥተው እዚያው የቀሩ ሴት ናቸው። ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ደንበኛ አረፍ የሚልበት አንድ ድንጋይ አለ። የእማሆይን ክላክስ ሲሰሙ ስኳር እየመዘኑም ቢሆን ይወጣሉ፣ ድንጋዩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ያስነሳሉ፣ ድንጋዩን ታቅፈው መንገዱ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከፊት ጎማዬ ሥር ሸጎጥ ያደርጉትና ተመልሰው ስኳራቸውን ይመዝናሉ። አንድም ቀን ቀድመውም ዘግይተውም አያውቁም። አንድም ቀን ደግሞ «ምነው መምህር?» ብለውኝ አያውቁም። እማሆይ ጋብ ስትል ድንጋዩ ይነሳልኝና፣ የቀረችውን ቁራጭ መንገድ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅኩ ደጃፌ እደርሳለሁ። ዓለም ላይ ስንት ዓይነት ፍሬን እንዳለ አላውቅም፤ እንደ እትዬ ዘሀራ ያለ ግን ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው እያልኩ እኮራ ነበር።

ኩራቴ የፈረሰው ከዋንዛው ሥር ያለው ቤት ለቅሶ የገጠመው ጊዜ ነው። ድንኳን ተተክሏል፤ ቦታ ስለጠበበ ግማሹ መንገዱ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ከባለቤቴ ከሰናይት ጋር ከገበያ እየተመለስኩ ነበር። ድንኳኑን ያየሁት ዋንዛውን ከዞርኩ በኋላ ነው። እትዬ ዘሀራ ያሉት ከድንኳኑ ወዲያ ስለሆነ ክላክሱም ድንጋዩም የሚሆኑበት ነገር አልነበረም። እማሆይ የድንኳኑን መጋረጃ በግንባሯ ገልጣ ቀስ ብላ ገባችና የተደራረቡ አግዳሚ ወንበሮችን ተደግፋ ቆመች።

የሰፈሬን ሰው ያደነቅኩት ያን ቀን ነው። ማንም አልጮኸም። ማንም ተነስቶ አልሮጠም። አዲስ ለቀስተኛ እንደመጣ ሁሉ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልን። እኔም አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «እግዜር ያጥናችሁ» አልኩ። አንድ ሽማግሌ «ይቀመጡ» አሉኝ። መቼስ ከዚህ በላይ እንዴት አድርጌ ልቀመጥ። ወዲያው ንፍሮ በሳህን በመስኮት ገባልን። ሰናይት በኀፍረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስለነበር ከሟች ጋር የቀረበ ዝምድና ያላት መስሏቸው ሁለት ሴቶች በወዲያኛው መስኮት መጥተው ያጽናኗት ጀመር። ስንወጣ የድንኳኑ ሰዎች በሙሉ ተነስተው ገፉን። ገፍተው ሲጨርሱም ስለ መጣችሁልን እናመሰግናለን አሉን።

ሰናይት ነገሩን ያነሳችው ቤት ከገባን በኋላ ነው። ቢሮ የምትሠራ ስለሆነች ነገር የምታቀርበው እንደ ስብሰባ አጀንዳ፣ አጭር አድርጋና በተራ ነው። ዋጫ ከተማ አንድ ሰው እንዳለ፣ የእማሆይን ሞተር አውጥቶ ለወፍጮ እንደሚፈልገው፣ እንደተነጋገሩ ነገረችኝ።

«እማሆይን ለወፍጮ?» አልኳት።

«ወፍጮ ቦታውን አይለቅም» አለችኝ።

ሁለተኛ አጀንዳም ነበራት፤ እሱን ስታወራ ድምጿ ተለወጠ። ሰናይት ሺሺንዳ የምትባል ከተማ ልጅ ናት። አባቷ፣ አባባ ገብሬ፣ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ቤታችን መጥተው አያውቁም። ሚኒባሱ የሚያወርደው ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ ያችን ቁልቁለት በእግራቸው መውረድ አይችሉም፤ በእማሆይ እንዳይወርዱ ደግሞ ስለ እማሆይ ሰምተዋል። ልጃቸው ቤት ገብተው ቁጭ ሳይሉ ይኸው ስንት ክረምት አለፈ። ሰናይት መኪናዋን ጠልታት አይደለም። ከሰፈሩ ሁሉ አባቷን ደጃፏ ድረስ ልታደርስላት የምትችል ይህች መኪና ብቻ ነበረች፤ እሷም አትቆምም።

«አባባ ተሳፍረው ደጃፌ ከወረዱ፣ በራሳቸው አፍም ትቆማለች ካሉ፣ ትቀራለች» አለች። «ካላሉ ለዋጫው ሰው እደውልለታለሁ።»

ቦንጋ ውስጥ ፍሬን ላሠራ ነው ብሎ መናገር ሞኝነት ነው። ምክር ከየአቅጣጫው ጎረፈልኝ። አንዱ ከኋላ ድንጋይ ጫንባት፣ ክብደት መሬት ያስይዛታል አለኝ። ጫንኩ። ሌላው አይቶ፣ ይሄን ሁሉ ድንጋይ ተሸክማ እንዴት ትቆማለች አለኝ። አወረድኩ። ሦስተኛው ያወረድኩትን ድንጋይ ለአጥሩ ወሰደው፤ ከመካሪዎቼ ሁሉ የሚሠራውን ያወቀው እሱ ነበር። እኔ በበኩሌ ስልኬ ላይ የውድድር መኪናዎችን ቪዲዮ እያየሁ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የሚያብረቀርቅ የፍሬን ዲስክ አማረኝ። አንዱን አሽከርካሪ ሳየው እማሆይን እንደዚያ እየነዳሁ የዋንዛውን ኩርባ ስዞር ታየኝ።

ዲስኩን ከጭንቅላቴ ያወጣው መካኒኩ አስራት ነው። አስራት ዝምተኛ መካኒክ አይደለም። ሸሚዙ ሁሌ ንጹሕ ነው፤ ሥራውን ሲሠራ ሰው እንዲያየው ይፈልጋል፤ ካላየው ይጠራዋል። የእማሆይን ጎማዎች ፈትቶ፣ ውስጧን በባትሪ አይቶ፣ ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሁሉ እስኪሰበሰቡ ጠበቀና ተናገረ። «ይቺ መኪና ፍሬን የላትም» አለ። «ትዝታ ነው ያላት።»

ከዚያ አንድ በአንድ አሳየን። ጎማውን ከውስጥ ጨምቆ የሚይዘው ሸራ አልቆ ብረቱ ቀርቷል። በአንደኛው ጎማ ደግሞ ዘይት ተንጠባጥቦ ሸራውን አርሶታል፤ በቅቤ በተለወሰ እጅ ገመድ ያዝ እንደማለት ነው አለ። የፍሬኑ ዘይት ጠቁሯል። ዘይቱን የሚያደርሱት የላስቲክ ቱቦዎች ከማርጀታቸው የተነሳ ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር ኃይሌ ጎማው ጋ ሳይደርስ ቱቦውን ሲነፋ ይቀራል። የመኪናው ጎማ ራሱም ተልጧል፤ ፍሬኑ ቢይዝ እንኳ ጎማው መሬቱን አይዝም። የውድድር መኪናውን ዲስክ ሳነሳበት ሳቀብኝና፣ መጀመሪያ የራሷን ፍሬን በሥርዓቱ እንስጣት አለኝ። እንደ አስራት ያለ ጉረኛ አይቼ አላውቅም። ነገር ግን ጉራውን ሁሉ በእጁ ሲያረጋግጠው ቆሜ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጉራ ደግሞ ደስ ይላል።

አዲስ ሸራ ገባላት። ሸራው የሚይዘውን ክብ ብረት ጅማ ልኮ በቶርኖ ማሽን አስላጠው። ቱቦውም፣ ዘይቱም፣ ጎማውም ተቀየረ። የቀረው ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ላይ ሆኖ ፍሬኑን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ታች ተኝቶ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ከፍቶ ይዘጋል። ረጋጩ እኔ ሆንኩ። አስራት ከታች «ርገጥ» ይላል፣ እረግጣለሁ። «ያዝ» ይላል። እግሬ ግን ከእማሆይ ጋር በኖረበት ዘመን መያዝ የሚባል ነገር አልለመደም፤ ደጋግሞ መርገጥ ነው የሚያውቀው። «ያዝ» ባለኝ ቁጥር ሳላስበው መልሼ መላልሼ እረግጥና ዘይቱ ንጹሕ ሸሚዙ ላይ ይረጫል። በመጨረሻ ከታች ወጥቶ ሸሚዙን በጨርቅ ጠረገ። የዚህችን መኪና ፍሬን ማን እንዳበላሸው አሁን ገባኝ አለ።

ሰናይት ምሳ ይዛልን የመጣችው ይሄኔ ነው። ነገሩን አይታ ሳህኑን አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ገብታ ተቀመጠች። ርገጪ ሲላት ረገጠች፤ ያዥ ሲላት ያዘች፤ ልቀቂ ሲላት ለቀቀች። ምሳው ሳይቀዘቅዝ አለቀ። አስራት ጋራዡን ለሚያውቅ ሁሉ እስከ ዛሬ ስለ እሷ እግር ያወራል። እኔ ያገባኋት ሌላ ብዙ ነገሯን አይቼ ነው፤ ይሄን ግን ሳላውቅ መኖሬ ቆጨኝ።

ሙከራው ላይ አስራት አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ በልማዴ ገና ከሩቅ ማቆም ጀመርኩ፤ ደጋግሜም ረገጥኩ። እማሆይ ግን የድሮዋ እማሆይ አልነበረችም። በረገጥኳት ቁጥር ቀጥ፣ ስለቃት ሄድ፣ ስረግጣት ደግሞ ቀጥ። ዋናው መንገድ ላይ፣ በሰው ፊት፣ ስሟን የሚመጥን ስግደት ሰገደች። በመጨረሻው ስግደት የአስራት ግንባር መስታወቱን አገኘው። ያበጠውን ግንባሩን በእጁ እየነካካ «አየህ?» አለኝ፤ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ወደ ግራ ትንሽ ስለምትስብ አንዲት ጎመን ሻጭ ጋም ጎራ ብለን ነበር፤ ጎመኑ ደህና ነው፣ እኛም ገዛነው። ተመልሰን ሁሉም ጎማ እኩል እንዲይዝ አስተካከለው። አዲስ ሸራ እስኪሟሽ በቀስታ ነው የሚረገጠው ብሎም አስጠነቀቀኝ።

በቀስታ መርገጥን የተማርኩት ግን ከማር ነው። አባባ ገብሬን ላመጣ ሺሺንዳ ስደርስ ደጃፋቸው ላይ ለብሰው ቆመው ጠበቁኝ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ማንም ሲያርማቸው የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫካ ውስጥ ረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅለው ማር ያወረዱ ሰው ናቸው። ማሩን የሚያወርዱት በገመድ ነው፤ ገመዱን ቅርንጫፉ ላይ ያዞሩና ትንሽ ትንሽ እየለቀቁ። እማሆይን አንድ ዙር ዞሯት። ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ሸራው፣ ስለ አስራት ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያ ዋንዛ አለ?»

«አለ፣ አባባ።»

«ጥሩ» አሉና ትልቅ የቃጫ ገመድ ጥቅል ከቤት አስመጥተው ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡ። ከዚያ እሳቸው ፊት ገቡና በኮባ ቅጠል የተሸፈነ አንድ ባልዲ ማር ጭናቸው ላይ አኖሩ። የሰናይት ነው፣ አንድ ጠብታ እንዳትፈስ አሉኝ።

መንገዱ በጫካ መሃል ይወጣል ይወርዳል፤ ጭጋጉ አንዳንዴ መስታወቱ ድረስ ይመጣል። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር አባባ ዳር ዳሩን ያሉትን ዛፎች በዓይናቸው ይለካሉ፤ የትኛው ገመድ እንደሚችል፣ የትኛው እንደማይችል። እኔ ዓይኔ ባልዲው ላይ ነው። ፍሬኑን ጠንከር አድርጌ ስይዝ ማሩ ወደ ኮባው ጠርዝ ያዘነብላል፣ እሳቸውም ቀና ብለው ያዩኛል። እንደዚያ ባዩኝ ቁጥር እግሬ እየለሰለሰ ሄደ። የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች በላብ ነው ያለፍኳቸው። ቦንጋ ስንቃረብ ግን እማሆይን እንደ ሰው ማቆም ችዬ ነበር። መጀመሪያ ለስለስ፣ ከዚያ ያዝ፣ ልትቆም ስትል ደግሞ ትንሽ ለቀቅ። ራሴን እያደነቅኩ ዋንዛው ጋ ደረስን።

«አቁም» አሉ። አቆምኩ። እንዴት አሳምሬ እንዳቆምኩ ልብ አላሉትም። ባልዲውን አስቀምጠው ወረዱ። የገመዱን አንድ ጫፍ ዋንዛው ላይ አሰሩ። ጥቅሉን ይዘው ኋላ ወንበር ላይ ገቡ፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዞሩ፣ ገመዱን በሁለቱ በሮች መሃል ባለው ብረት ላይ አንድ ዙር ጠመጠሙ። ገባኝ። አማቴ መኪናዋን፣ እኔንና ራሳቸውን እንደ ማር በገመድ ሊያወርዱን ነው።

«አባባ፣ ፍሬኑ እኮ...»

«አንተ ንዳ» አሉኝ። «እኔ እይዛለሁ።»

ለአማት መልሶ መናገር የሚባል ነገር ቤታችን የለም። ነዳሁ። ከታች ሰናይት ደጃፋችን ላይ ቆማ ትታየኛለች፤ ስልኳ በእጇ ነው። እኔ ፍሬኑን ለስለስ አድርጌ ይዤ፣ እሳቸው ገመዱን ትንሽ ትንሽ እየለቀቁ፣ እማሆይ ቁልቁለቱን ወረደች። ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፦ በመስታወቱ አየሁት፣ ገመዱ አንዴም አልተወጠረም። ከኋላችን ቀይ አፈሩ ላይ ተጋድሞ ነበር። አባባ ግን ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ጉልበታቸውን ወንበሩ ላይ ደግፈው፣ በሁለት እጃቸው ይዘውን ነበር። እንዲህ ሰው ተጨንቆልኝ አያውቅም።

እትዬ ዘሀራ ክላክስ ባይሰሙም ድንጋዩን ታቅፈው ወጥተዋል። ፊታቸው ስደርስ ቆምኩ። ሊሸጉጡ ጎንበስ አሉ፤ ጎማው ቆሟል። ቀና አሉ፣ ጎማውን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ እኔን አዩ። አንገቴን ደፍቼ እጅ ነሳኋቸውና መንዳት ቀጠልኩ። ገመዱ ያለቀው ያን ጊዜ ነው። ጫፉ ከአባባ እጅ ሾልኮ በመስኮት ወጣ። በመስታወቱ ባዶ እጃቸውን ሲያዩት አየኋቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ፊት መለሱ፣ ከፊት ወንበር ባልዲውን ስበው ጭናቸው ላይ አደረጉና አቀፉት። የቀረችውን መንገድ፣ ወደ ገደሉ የምትሄደዋን፣ በፍሬን ብቻ ወረድናት። ደጃፌ ላይ እንዴት እንደቆምኩ ባልዲው ምስክር ነው፤ ኮባው ላይ አንድ ጠብታ አልነበረም።

ሰናይት አባቷን ከመኪና አውርዳ አቀፈቻቸው። ተላቀሱ፤ እኔም ዞር አልኩ። ከዚያ ቢሮዋ ትዝ አላትና ጥያቄዋን አቀረበች።

«እንዴት ነበር፣ አባባ?»

«ደህና ነው። ቀስ አድርጌ አወረድኩት።»

«መኪናዋስ፣ ትቆማለች?»

«እኔ እንጃ» አሉ አባባ። «የያዝኳት እኔ ነኝ።»

ሰናይት ወደ እኔ ዞረች። የዋጫው ሰው ስልኩ ውስጥ እየጠበቀ ነው። ገመዱ ልል ነበር ማለት እችል ነበር። እዚያ ላይ አልቋል ማለት እችል ነበር። የአስራትን ያበጠ ግንባር ምስክር መጥራት እችል ነበር። ሽማግሌው ግን በዚያ ጉልበታቸው፣ ያንን ቁልቁለት ልጃቸው ቤት ሊገቡ ሲሉ በእጃቸው ይዘውት ወርደዋል፤ እጃቸው ገና ቀይ ነው። አፌን ከፈትኩ። ከፈትኩና «ይግቡ እንጂ፣ አባባ» አልኳቸው። በልቤ እማሆይን ዋጫ ውስጥ በቆሎ ስትፈጭ አየኋት።

ይሄን ጊዜ እትዬ ዘሀራ ድንጋያቸውን እንደታቀፉ ቁልቁለቱን ወርደው ደረሱ። ድንጋዩ ሳይገባላት አልፋኝ ሄደች ብለው ሰግተው ነው የተከተሉን። አማቴን ሰላም አሉና ለቁም ነገር ያህል ነገሯቸው።

«አባባ፣ ገመድዎ እኔ ደጃፍ ላይ አልቆ ወድቆ ነበር። ሰው እንዳይጠልፍ ወደ ዳር አድርጌዋለሁ።»

አባባ ቀና ብለው ሱቁን አዩ። ከሱቁ እስከ ደጃፋችን ያለውን መንገድ በዓይናቸው ለኩ። ከደጃፋችን ወዲያ ያለውን ገደልም አዩ፤ ሳያዩት ቢቀሩ ይሻላቸው ነበር። ጥቂት አሰቡ።

«እዚያ ድረስ እኔ ነኝ» አሉ። «ከዚያ ወዲህ እሱ ነው።» ወደ ቤት ሊገቡ ዞሩና መለስ አሉ። «እሱም ደህና ይዟል።»

ሰናይት ስልኳን ኪሷ ከተተች። እትዬ ዘሀራ ድንጋዩን የት ያድርጉት? አንድ ጊዜ ይዘውት ወርደዋልና ከእማሆይ ጎማ ሥር አስገቡት። እኔም አላወጣሁትም።

ከዚያ ወዲህ አባባ በየጊዜው ይመጣሉ። በሁለተኛው ጊዜም ገመዱን ይዘው ነበር፤ ዋንዛው ጋ ስንደርስ ግን ዝናብ ስለነበር ወርዶ ማሰሩን ተዉት። በቀደም ሰናይትና እኔ ልናመጣቸው ሄደን ነበር። እሳቸው ፊት ተቀመጡ፣ ባልዲያቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ዋንዛው ጋ ስደርስ ዞር ብዬ ባያቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በዚያ ቁልቁለት፣ በእማሆይ ውስጥ፣ ተኝተው የሚወርዱ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። እግሬን ከመቼውም በላይ አለሰለስኩት። እትዬ ዘሀራ ድንጋይ ይዘው ሲወጡ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ፤ አዩና ድንጋዩን ድምፅ ሳያሰሙ መሬት አስቀመጡት።

ደጃፋችን ላይ ሞተሩን አጥፍቼ ዝም ብለን ተቀመጥን። ሲነቁ ግራ ቀኙን አዩ፣ ቤቱን ለዩት፣ ወደ ኋላ ዞረው ቁልቁለቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ።

«ገመዱን ማን ያዘው?» አሉ።

ሰናይት ከኋላ ወንበር በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።